አላውቅም የሚል አዋቂ

መስከረም 26 ቀን 2017 ዓ.ም. እሑድ ምሽት ነው። ሁለት ሰዓት አለፍ ብሏል። አራት ኪሎ አካባቢ አንድ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ቡና እየጠጣን ነበር። መጀመሪያ ያየሁት አምፖሉን ነው። ማንም ሳይነካው ወዲያ ወዲህ ይላል። ቀጥሎ ሲኒዎቹ ረከቦቱ ላይ ተንቀጫቀጩ። «ዞረብኝ መሰለኝ» አልኩ። እህቴም ዞሮባት ኖሮ ግድግዳውን ይዛለች። ሁለት ሰው ባንድ ጊዜ እንደማይዞርበት የገባን ደረጃው ላይ የሰው ኮቴ ሲንጋጋ ነው።

ግቢ ወርደን ቆምን። ጋቢ የደረበ አለ፤ ፎጣ ያገለደመ አለ፤ ጫማውን ባንድ እግሩ ብቻ አድርጎ የወረደም አለ። ምድር ቤት የሚኖሩት ጋሼ በራቸውን ከፍተው «ምን ሆናችሁ?» አሉን። እሳቸው ምንም አልተሰማቸውም። ተቀምጠው ዜና እያዩ ነበር። «እናንተ ፎቅ ላይ ስትኖሩ ነገር ታካብዳላችሁ» ብለው ሳቁብን። አምስተኛ ፎቅ ያለችው ጎረቤታችን ግን መሳቅ አላማራትም። «ቁም ሣጥኔ ራሱን ከፈተ እኮ! እኔ ውሸታም ነኝ ጋሼ?» አለቻቸው።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ስልኮች መጮህ ጀመሩ። በቴሌግራም የመጣ የድምፅ መልእክት ነው። ሴትየዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ትናገራለች። «ትልቅ ቦታ የሚሠራ ዘመዴ ነው የነገረኝ። ዋናው ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመጣል። ቤት ውስጥ እንዳታድሩ። ለምትወዱት ሰው ሁሉ ሼር አድርጉ።»

አብዛኛው ሰው ውጭ አደረ። ዘጠኝ ሰዓት መጣ፤ ሄደ። ምንም አልሆነም።

እኔን ያስገረመኝ ሌላ ነገር ነው። ከቆምንበት ግቢ በእግር ጥቂት ደቂቃ ብንሄድ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሳይንስ ፋኩልቲ አለ። እዚያ ግቢ ውስጥ የመሬትን እንቅስቃሴ የሚከታተሉ ሰዎች አሉ። ሥራው ከተጀመረ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል። ያቋቋሙት ፒየር ጉዋን የሚባሉ ካናዳዊ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ናቸው። እኚህ ካህን መሣሪያ ከመትከል አልፈው የነገሥታቱን ዜና መዋዕልና የተጓዦችን ደብዳቤ እያገላበጡ፣ በኢትዮጵያና በቀንዱ አካባቢ ባለፉት ዘመናት ምድር መቼና የት እንደራደች መዝግበዋል። (ሃይማኖትና ሳይንስ አይስማሙም ለሚሉን ሰዎች እኚህን ቄስ ማስተዋወቅ ደስ ይለኛል።) እንዲህ ያለ ቤት ጎረቤታችን ሆኖ ሳለ እኛ የሰማነው ስሟን የማናውቃትን ሴትዮ ነው። ለምን?

የተለመደው መልስ «ሕዝቡ ስላልተማረ» ነው። አላምንበትም። ያን ሌሊት ግቢው ውስጥ መሐንዲስ ነበር፣ ነርስ ነበረች፣ የሒሳብ መምህርም ነበረ። ሁሉም ውጭ አደሩ። እኔም አድሬያለሁ።

ሁለቱን መልእክቶች ጎን ለጎን ላስቀምጣቸው። በዜና የመጣው «በሬክተር ስኬል 4.9 የተመዘገበ የመሬት መንቀጥቀጥ አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ተከስቷል፤ ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል» የሚል ነው። ትክክል ነው። ግን ምን ላድርግ? ልተኛ ወይስ አልተኛ? ሕንፃው ይወድቅብኛል? አይልም። የሴትዮዋ መልእክት ደግሞ ሰው አለበት፤ ዘመድ። ሰዓት አለበት። ምን ማድረግ እንዳለብኝ ይነግረኛል። ከሁሉም በላይ «ለምትወዱት» ይላል። ውሸት ነው፤ ግን ጭንቀቴን ያውቃል። እውነተኛው ዜና አያውቀውም ነበር።

ባለሙያዎቹ ዝም አላሉም። በተከታዮቹ ቀናትና ወራት ፕሮፌሰር አታላይ አየለን የመሳሰሉ የዘርፉ ሰዎች በየሬዲዮውና በየቴሌቪዥኑ እየቀረቡ ነገሩን አስረድተዋል። ግን አንድ ዓረፍተ ነገር በተናገሩ ቁጥር ብዙ ሰው ጆሮውን ይዘጋል። «የሚቀጥለው መቼ እንደሚመጣ ማወቅ አይቻልም» የምትለዋ ናት።

«ታዲያ ምን ተማሩ?» አሉ ጋሼ። አሁን እሳቸውም ዜናውን ሰምተው አምነውናል። ቀጥለው ያነሡት ነገር ግን የዋዛ አይደለም። «በኮሮናው ዓመት የፀሐይ ግርዶሹን በቀኑ በደቂቃው ነግረውን የለ? ልክ ባሉት ሰዓት መጣ። ሰማዩን እንዲህ ያወቀ እግሩ ሥር ያለውን እንዴት ያጣል?»

እውነታቸውን ነው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ጠዋት ላሊበላ ላይ ፀሐይዋ ቀለበት ስትመስል፣ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ተገምጣ ስትታይ፣ ሁሉም እንደተባለው ነው የሆነው። ይህን ያየ ሰው ሳይንስ ማለት የሚመጣውን ቀድሞ መናገር ነው ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም። ለዚህ የጋሼ ጥያቄ ጥሩ መልስ ሲሰጥ የሰማሁት ደግሞ ከስንት ጊዜ በኋላ ነው።

እንዲህ ነው። ጨረቃና ፀሐይ በግልጽ ይታያሉ። መንገዳቸው የታወቀ ነው። በመካከላቸው የሚገባ የለም። ሒሳቡን ያወቀ ሰው የመቶ ዓመቱን ግርዶሽ ዛሬ ቁጭ ብሎ ያወጣዋል። የእኛም ሊቃውንት በባሕረ ሐሳብ ፋሲካ መቼ እንደሚውል ቀድመው ሲያወጡ ያው በፀሐይና በጨረቃ ቀመር ነው። ርዕደ መሬት ግን ሌላ ነው። የጉድጓድ ውሃ የሚቀዳበት ያረጀ ገመድ አስቡ። አንድ ቀን እንደሚበጠስ ታውቃላችሁ። ባልዲው በከበደ ቁጥር ቀኑ እንደሚቀርብም ታውቃላችሁ። ግን በስንተኛው ባልዲ? ገመዱ ውስጥ ገብታችሁ እያንዳንዷን ክር ካልቆጠራችሁ አታውቁም። እዚህ ደግሞ ገመዱ ኪሎ ሜትሮች ወደ ታች፣ ከአለት ሥር ነው። ማንም ገብቶ አይቶት አያውቅም።

ስለዚህ ሳይንቲስቱ ገመዱ የት እንዳለ ይናገራል። ስምጥ ሸለቆው በዓመት 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ያህል እየተከፈተ መሆኑን ይናገራል። በ2017ቱ መንቀጥቀጥ ከፈንታሌና ከዶፈን ተራሮች አካባቢ ሥር ቅልጥ አለት በስንጥቅ ውስጥ እየገባ ምድሩን እንደለጠጠው ከሳተላይት መረጃ አይቶ ይናገራል። ቀኑንና ሰዓቱን ግን አይናገርም። ጃፓንም ይሁን አሜሪካ፣ የሚናገር የለም።

እዚህ ላይ ቋንቋችን ራሱ ወጥመድ ያለበት ይመስለኛል። በአማርኛ «አዋቂ» ማለት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው እውቀት ያለው ሰው ነው። ሁለተኛው መጋረጃ ጀርባ ተቀምጦ የጠፋውን የሚያገኝ፣ የሚመጣውን የሚናገር ሰው ነው። «አዋቂ ቤት ሄደች» ሲባል ዩኒቨርሲቲ ሄደች ማለት እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ሁለተኛው አዋቂ «አላውቅም» ካለ ሥራው አበቃ። ሳይንቲስቱንም ስሙ ይቀየራል እንጂ በዚሁ ወንበር ላይ ነው ያስቀመጥነው። ሰዓቱን ንገረኝ እንለዋለን። አላውቅም ሲል «ኧረ ተወው ባክህ» ብለን ሰዓት ወደምትነግረን ሴትዮ እንዞራለን።

ጥፋቱ ግን የሰሚው ብቻ አይደለም። ሳይንስን ለሕዝብ የምናስተዋውቅ ሰዎች (እኔም አልፎ አልፎ እጄን አስገብቻለሁ) ለዓመታት ያወራነው ስለ ውጤቱ ብቻ ነው። ሮኬቱን፣ ሳተላይቱን፣ ሮቦቱን። ተአምር እያሳየን «ይኸው ሳይንስ» ስንል ኖረን፣ ተአምር ሲጠፋ ሰው ቢከፋው ምን ይገርማል?

«አላውቅም»ን መሸሽ የሚያስከፍለውን ጣሊያኖች አይተውታል። ላኲላ የምትባለው ከተማቸው እ.ኤ.አ. በ2009 መጀመሪያ ላይ ለወራት በትንንሽ ንዝረቶች ስትናጥ ነበር። አንድ የላቦራቶሪ ቴክኒሻን ትልቁ ሊመጣ ነው እያለ ሕዝቡን አስጨነቀው። መንግሥት ሰውን ለማረጋጋት ባለሙያዎችን ሰብስቦ ከተማዋ ድረስ ላከ። ከስብሰባው ጋር በተያያዘ አንድ ባለሥልጣን ለቴሌቪዥን ሲናገር፣ ንዝረቱ ጉልበት እያስተነፈሰ ስለሆነ ነገሩ እንዲያውም ጥሩ ነው አለ። ታዲያ ወይናችንን እንጠጣ ወይ ሲባልም አዎ አለ። ከስድስት ቀን በኋላ፣ በእነሱ አቆጣጠር ኤፕሪል 6 ሌሊት፣ ዋናው መጣ። 309 ሰው ሞተ።

የዚህ ታሪክ መራራ ክፍል እንዲህ ነው። የዚያ አገር ሰው ንዝረት በተሰማው ቁጥር ከቤት ወጥቶ የማደር የቆየ ልማድ ነበረው። ያን ሌሊት አንዳንዱ ተረጋግቶ ቤቱ ተኛ። በኋላ ስድስት ሳይንቲስቶችና ያ ባለሥልጣን ተከሰው በ2012 እያንዳንዳቸው 6 ዓመት ተፈረደባቸው። ዓለም ሁሉ «ርዕደ መሬትን ባለመተንበያቸው ሳይንቲስቶች ታሰሩ» ብሎ ጮኸ። ነገሩ እንደዚያ አልነበረም። የተከሰሱት ባለመተንበያቸው ሳይሆን፣ የማይታወቀውን ነገር እንደሚታወቅ አድርገው ሰው አረጋግተዋል ተብለው ነው። በ2014 ሳይንቲስቶቹ በይግባኝ ነፃ ወጡ፤ የባለሥልጣኑ ቅጣት ወደ 2 ዓመት ዝቅ አለ።

ይህን ሳነብ የኛን «አትደናገጡ» አስታወሰኝ። አንድ ነገር በተፈጠረ ቁጥር ከመግለጫው የመጀመሪያ መስመር የማይጠፋ ቃል ነው። «ሕብረተሰቡ ሳይደናገጥ…» ይላል። የደነገጠ ሰው አትደንግጥ ሲባል ይብሱን ይደነግጣል። ምን ደብቀው ነው ይላል። ድሮ «አዋጅ አዋጅ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ይባል ነበር። የዛሬው መግለጫም ከዚያ ብዙ አልራቀም። ነጋሪቱ ወደ ማይክሮፎን ተቀየረ እንጂ ጥያቄ መጠየቂያ ቦታ የለውም።

በበኩሌ ያን ምሽት ግቢያችን ቢነገረው ብዬ የምመኘው ሁለት ነገር ነው። ሁለቱም ቀላል ናቸው።

አንደኛው የጋሼና የጎረቤቴ ጠብ ነው። ሁለቱም እውነት ተናግረዋል። ከሩቅ የሚነሣ ርዕደ መሬት አዲስ አበባ ሲደርስ ፈጣኑ ንዝረት መንገድ ላይ ደክሞ ይቀራል። የሚደርሰው ዝግ ያለው፣ ረጅሙ ሞገድ ነው። እሱ ደግሞ ምድር ቤት ያለውን ሰው አልፎት ሄዶ ረጅሙን ፎቅ ያወዛውዛል። ዥዋዥዌን በትክክለኛው ሰዓት ገፋ እንደማድረግ ነው። ይህን ያወቀ ምድር ቤት ያለ ሰው በጎረቤቱ አይስቅም። ፎቅ ላይ ያለውም መወዛወዙ ብቻውን ሕንፃው ሊፈርስ ነው ማለት እንዳልሆነ ይገባዋል። ሳይንስ የሁለቱንም ምስክርነት ተቀብሎ ሲያስታርቅ፣ ያኔ ነው ሰው «እነዚህ ሰዎች ያውቃሉ» የሚለው።

ሁለተኛው ቁጥሩ ነው። የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም. ሌሊት የመጣው 6.0 ተብሎ ተመዘገበ። የመስከረሙ 4.9 ነበር። ሰው ይህን ሲሰማ «አንድ ነጥብ ምናምን ጨመረ» ይላል፤ የሙቀት መለኪያ ይመስል። ግን በዚህ መለኪያ አንድ ቁጥር ሲጨምር ጉልበቱ 32 እጥፍ ገደማ ይሆናል። 4 አንድ ኩንታል ጤፍ ቢሆን፣ 5 ማለት 32 ኩንታል ነው። 6 ማለት 1,000 ኩንታል ነው። የካቲት ላይ የወጣው ጉልበት የመስከረሙን ከ40 እጥፍ በላይ ነው። ይህን በጤፍ ያስረዳን ሰው አልነበረም። የጋዜጣው ርዕስ ግን አገኘን። በባለሙያው አፍ «ሊከሰት ይችላል» የነበረው፣ ርዕስ ላይ ሲደርስ «ሊከሰት ነው» ይሆናል። አንዲት ግሥ ስትለወጥ ከተማ ሙሉ ውጭ ያድራል።

በነገራችን ላይ አማርኛ እርግጠኝነትን ለመመጠን ደሃ አይደለም። «ይሆናል» አለ። «ሊሆን ይችላል» አለ። «ሳይሆን አይቀርም» አለ። «መሆኑ አይቀርም» አለ። እያንዳንዱ ክብደቱ ይለያያል፤ ገበሬው ዝናብ ሲጠብቅ አንዱን ከአንዱ ለይቶ ይናገራል። ችግሩ ምሁሩ ሥራውን በእንግሊዝኛ ተምሮ፣ በእንግሊዝኛ ጽፎ፣ አማርኛ የሚያስታውሰው ማይክሮፎን ሲቀርብለት መሆኑ ነው።

ከዚህ ሁሉ ጀርባ ግን ሰው በእርግጥ መጠየቅ የሚፈልገው «መቼ ይመጣል?» አይመስለኝም። «ይህ ሕንፃ ይችለዋል?» ነው። ለዚህ ደግሞ የአራት ኪሎው ተመራማሪ መልስ የለውም። አገሪቱ ሕንፃዎች ርዕደ መሬትን እንዲቋቋሙ የሚያዝ ደንብ አላት። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው አለ፤ በ2015 ደግሞ ከአውሮፓው ጋር ተጣጥሞ ተሻሽሏል። ደንቡ አዲስ አበባን ከምንም አልቆጠራትም አይባልም። ጥያቄው ብረቱ በልኩ ገብቷል ወይ፣ ሲሚንቶው አልተቀነሰበትም ወይ ነው። ኮንዶሚኒየማችን ኮርኒስ ውስጥ የዛሬ ሦስት ዓመት ቧንቧ ሲፈነዳ የተገኘውን ጉድ ያየ ሰው ይህን ጥያቄ በቀላሉ አይተወውም። እንግዲህ ሳይንስ ላይ ያለን እምነት ብቻውን አይቆምም። ሲሚንቶ ያቦካውን፣ ያን የተቆጣጠረውን፣ የፈረመውንም ካላመንን፣ ፕሮፌሰሩን ማመናችን እንቅልፍ አይሰጠንም። ይህ ክፍተት በጥሩ ቃለ መጠይቅ አይሞላም።

ኮሮናም ይህንኑ ነበር ያሳየን። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ታማሚ ሲነገር፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ሎሚና ፌጦ ባንድ ቀን ዋጋቸው ሰማይ ነካ። ያው ወር ሳያልቅ የሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች ከአገር በቀል እውቀት የተነሣ የመድኃኒት ምርምር የመጀመሪያ ምዕራፉን አለፈ ብለው መግለጫ ሰጡ። መግለጫው ገና ብዙ ሙከራ ይቀራል ይል ነበር። ጆሮ የያዘው ግን «መድኃኒት ተገኘ» የሚለውን ነው። መድኃኒቱ ፋርማሲ አልደረሰም። ከዚያም ጤነኛ ሰው ማስክ አያስፈልገውም ሲባል ቆይቶ፣ ያለ ማስክ መውጣት ተከለከለ። ሳይንስ አዲስ ነገር ሲያይ ሐሳቡን መቀየሩ ጤንነቱ ነው። ግን መጀመሪያ «እስካሁን ባየነው» ያላለ ሰው፣ በኋላ «አሁን ደግሞ» ሲል ዋሾ ይመስላል። የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. የመጀመሪያው 2.2 ሚሊዮን ገደማ ክትባት ቦሌ ሲያርፍ፣ አንዳንዱ ሐሜት ከአውሮፕላኑ ቀድሞ ገብቶ ነበር።

ክትባት ስል አንድ ነገር ላንሣ። ቃሉ የመጣው «ከተበ» ከሚለው ግሥ ነው፤ ጻፈ ማለት ነው። አንገት ላይ የሚንጠለጠለው ክታብና ክንድ ላይ የሚሰጠው ክትባት የአንድ እናት ልጆች ናቸው። አዲሱ ነገር ሲመጣ ሰዉ ባለው ቃል ተቀበለው። የእናቶቻችን ክንድ ላይ ያለችው ክብ ጠባሳ የዚያ ምስክር ናት። ኢትዮጵያ ውስጥ የመጨረሻው የፈንጣጣ ታማሚ የተገኘው በ1968 ዓ.ም. ነው። ያኔ ቴሌግራም አልነበረም፤ ማንበብ የሚችለውም ሰው ጥቂት ነበር። ሥራው የተሠራው ግን በእግርና በበቅሎ፣ ከሽማግሌ ጋር ቁጭ ብሎ በመነጋገር ነው።

ሰው ባዶ እንስራ ነው፤ እውቀት ብንሞላበት ያምነናል የሚለው አስተሳሰብ ለዚህ ነው የማይዋጥልኝ። እ.ኤ.አ. በ2018 ከ140 በላይ አገሮች ውስጥ 140,000 ያህል ሰው የተጠየቀበት፣ ዌልካም የተባለው የእንግሊዝ የጤና ምርምር ድርጅት ያሠራው ጥናት ነበር። ፈረንሳይ ውስጥ ከሦስት ሰው አንዱ ክትባት ለጤና አስተማማኝ ነው በሚለው አልስማማም አለ። ሩዋንዳና ባንግላዴሽ ውስጥ ግን ሰው ሁሉ ለማለት ይቻላል ተስማማ። ፈረንሳዊው ትምህርት አንሶት ነው?

እንግሊዝ አገር ደግሞ ይህ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1986 በሶቪየት ኅብረት የቼርኖቤል የኒውክሌር ጣቢያ ፈንድቶ ጨረር ያዘለ ዝናብ እንግሊዝ ውስጥ ካምብሪያ ተራሮች ላይ ወረደ። ሳይንቲስቶች መጥተው በጎቹ ለሦስት ሳምንት አይሸጡም አሉ። ሦስት ሳምንቱ አለፈ፤ ጨረሩ አልወረደም። ስሌታቸው የተሠራው ለሌላ ዓይነት አፈር ነበር። እረኞቹ የራሳቸውን መሬት፣ የራሳቸውን ሣር ያውቁ ነበር፤ የጠየቃቸው የለም። የመጨረሻው እገዳ የተነሣው በ2012 ነው። ሦስት ሳምንት የተባለው 26 ዓመት ሆነ። እነዚያ እረኞች ሳይንስን ቢጠራጠሩ መሃይምነት አይደለም፤ ልምድ ነው።

የኛ አገር ታሪክ ከዚህ ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ1964 ወጣቱ ዶክተር አክሊሉ ለማ የቢልሃርዚያን ነገር ሊያጠና ዓድዋ ወረደ። ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። ከሚያጥቡበት በታች ግን ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው ተንሳፍፈዋል። በሽታውን የሚያስተላልፉት እነዚያው ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ሌላ ሰው ቢሆን አልፎ ይሄድ ነበር። እሱ ሴቶቹን ጠየቃቸው። አረፋው ያለበትን ውሃ በሕይወት ባለ ቀንድ አውጣ ላይ ሞከረው፤ ሞተ። የእናቶቻችን ሳሙና መድኃኒት ሆነ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የገጠመው ግን የሌላ ወገን አለማመን ነው። የውጭዎቹ ተቋማት ከአፍሪካ የወጣን ግኝት ለመቀበል ፈተና በፈተና ላይ ሲደራርቡ ዓመታት ነጎዱ። እሱና የሥራ ባልደረባው ለገሠ ወልደዮሐንስ በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ሲያገኙ 25 ዓመት አልፎ ነበር። አለማመን የተራው ሰው በሽታ ብቻ ነው ለሚል ሰው ይህችን እነግረዋለሁ።

ባለፈው ዓመት የእህቴን ልጅ ይዤ አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ሄጄ ነበር። ድንቅነሽ ፊት ቆምን። ልጁ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። «እውነተኛዋ ናት?» አለ። አስጎብኚው ሳይደብቅ «ቅጂዋ ናት፤ ዋናዋ ካዝና ውስጥ ትጠበቃለች» አለው። ልጁ ቅር ይለዋል ብዬ ነበር። እሱ ግን «3.2 ሚሊዮን ዓመቷ መሆኑን ማን አያት?» አለ። ሰውየው ሳቀና በርከክ አለ። ሐዳር ውስጥ እሳተ ገሞራ እየፈነዳ አመድ እንደ እንጀራ በላይ በላዩ እንደተነባበረ፣ አመዱ ውስጥ ያለው ነገር በዝግታ ወደ አርጎን ጋዝ እንደሚቀየር፣ ጋዙን ለክቶ ዕድሜ ማውጣት እንደሚቻል፣ እሷም ከአንዱ አመድ በላይ ከሌላው በታች እንደተገኘች በእጁ እያሳየ አስረዳው። አምስት ደቂቃ አልፈጀበትም። ከዚህ ትንሽ ወረድ ብሎ በ2015 ዓ.ም. መስከረም ላይ የተመረቀው ግዙፉ የሳይንስ ሙዚየም አለ። ስክሪኑ፣ መብራቱ፣ ሁሉም ያምራል። ልጁን እዚያም ወስጄዋለሁ፤ ደስ ብሎታል። እቤት ገብቶ ለእናቱ ያወራው ግን ስለ አመዱ ነው።

ወደ ግቢያችን ልመለስ። የካቲት ላይ የ6.0ው ሌሊት ሁላችንም እንደገና ወረድን። በዚያ ጊዜ በአፋርና በኦሮሚያ በኩል በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቀያቸውን ለቀው ነበር። የኛ ፍርሃት ከነሱ ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም። ጋሼ በዚህኛው ዙር ምድር ቤትም ተሰምቷቸዋል። በሩ ላይ ቆመው «በሊፍት እንዳትወርዱ! ደረጃ፣ ደረጃ!» እያሉ ይጮሃሉ። ሊፍቱ መሥራት ካቆመ ዓመት እንደሆነው ረስተውታል።

ብዙ ሳይቆይ ስልኮች ጮኹ። ሌላ ድምፅ፣ ሌላ ዘመድ፣ ሌላ ሰዓት። ቁም ሣጥኗ የተከፈተባት ጎረቤቴ መልእክቱን እስከ መጨረሻው አዳመጠችው። «ማን ነው ይህን ያለው?» አለች። ማንም አልመለሰም። «ሰዓቱን እንዴት አወቀ? እነዚህ አራት ኪሎ ያሉት አይታወቅም እያሉ?» ስልኩን አጠፋች። ለማንም አላስተላለፈችውም።

ከዚያ ወደ ላይ ወጥታ ሁለት ብርድ ልብስ ይዛ ወረደች። አንዱን ለእኔ ሰጠችኝ። እስኪነጋ እዚያው ቁጭ አልን።